የጋለ ፕሮሰሰር በሰዓት ሲመረመር

አዲስ የተገጠመ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ከአሮጌው ብሶ ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው። «ፎርጅድ ነው» ይባላል፣ ሻጩ ይረገማል፣ ሌላ ይታዘዛል። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ቡቲዬ በሚባለው አካባቢ ደግሞ ሁለተኛ ተጠርጣሪ አይጠፋም፤ የቆላው ፀሐይ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ጥፋተኞች አይደሉም። እውነተኛውን ጥፋተኛ ለመለየት የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያሳየው የሙቀት ቁጥርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ሙቀቱ ስንት ከመድረሱ ይልቅ በምን ያህል ጊዜ መድረሱ የበለጠ ይናገራል።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 100 ዋት መሳቡ የተለመደ ነው፤ እንደ ኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ያለው ጉልበተኛ ደግሞ እስከ 253 ዋት ይፈቀድለታል። ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ እንኳ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የምጣዱ ሙቀት ግን የሚሠራጨው ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1.2 ዋት ገደማ ነው። 100 ዋት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የፕሮሰሰር ሲሊከን ሲፈልቅ ከምጣዱ 80 እጥፍ ያህል የተጨመቀ ሙቀት ይሆናል።

ማቀዝቀዣው ይህን ሙቀት አያጠፋውም፤ ያሻግረዋል። ሙቀቱ ከሲሊከኑ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን፣ ከክዳኑ በመካከላቸው በተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አልፎ ወደ ማቀዝቀዣው መሠረት፣ ከዚያ በመዳብ ቱቦዎቹ ወደ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች፣ ከክንፎቹ ወደ አየሩ፣ በመጨረሻም ከኮምፒውተሩ ኬዝ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ቱቦዎቹ ውስጣቸው ባዶ አይደለም። አየር ተመጥጦ በወጣበት ቱቦ ውስጥ ጥቂት ውኃ አለ፤ ውኃው በሞቀው ጫፍ ይተንና በቀዝቃዛው ጫፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሠራው ጆርጅ ግሮቨር ሲሆን፣ የታሰበውም ለጠፈር መንኮራኩር ነበር።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። 800 ግራም አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 720 ጁል ይፈልጋል። 100 ዋት ማለት በሰከንድ 100 ጁል ነውና፣ ፋኑ ጨርሶ ቆሞ እንኳ ቢሆን ይህን የሚያህል ማቀዝቀዣ አንድ ዲግሪ ለመጨመር ሰባት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በደቂቃ ስምንት ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ሲሊከኑ በአንጻሩ ቅንጣት ስለሆነ በቅጽበት ይግላል። ስለዚህ ከባድ ሥራ ሲጀመር ቁጥሩ በሦስት ሰከንድ ከ40 ወደ 95 ከዘለለ፣ በዚህ ፍጥነት ሊሞቅ የሚችለው ማቀዝቀዣው አይደለም። ሙቀቱ ገና እርሱ ዘንድ አልደረሰም፤ መንገዱ የተዘጋው በክዳኑና በመሠረቱ መካከል ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ክንፎቹ በእጅ ሲነኩ ቀዝቃዛ ሆነው ከተገኙ ፍርዱ ይጸናል። ሥራ ሲጀመር የ15 ወይም የ20 ዲግሪ ዝላይ ግን በጤነኛ ማሽንም የሚታይ ነው።

በዚህ መገናኛ ላይ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ዋጋ የሚያስከፍለው አየር ክፉ የሙቀት አስተላላፊ በመሆኑ ነው፤ መዳብ ከአየር 15,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት ያለው ደህና ፔስት 100 ዋት ሲያሳልፍ ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ብቻ ይፈጥራል። ያው ክፍተት በአየር ቢሞላ ልዩነቱ በስሌት ከ300 ዲግሪ ያልፋል፤ ማሽኑ ግን እዚያ ሳይደርስ ራሱን ያጠፋል። ከመሠረቱ ላይ ሳይላጥ የቀረ ስስ የላስቲክ ልባስ ደግሞ ብቻውን 25 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። አዲስ ማቀዝቀዣ ከአሮጌው ሲብስ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ብሎኖቹ ይታያሉ፤ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ መሠረቱን ያጋድለዋል፣ በሰያፍ እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ግን ያስተካክለዋል። ማቀዝቀዣው አንዴ ከተነሣ የድሮው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ አዲስ ይቀባል።

ቁጥሩ ቀስ እያለ በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው። መገናኛው ደህና ነው፤ ማቀዝቀዣው ሙቀቱን ተቀብሏል፣ የሚረከበው ግን አጥቷል። ፋኑ መዞሩን፣ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ለሲፒዩ ፋን በተመደበው ቦታ መሰካቱን፣ የሚነፍስበትም አቅጣጫ ከኬዙ የኋላ ፋን ጋር መስማማቱን ማየት ነው። የኬዙን የጎን ክዳን ከፍቶ መሞከርም ብዙ ይናገራል፤ ቁጥሩ በግልጽ ከወረደ የጎደለው የኬዙ አየር ማስገቢያ ነው። በሞያሌ ደረቅ ወራት የፊት ወንፊቱ በአቧራ መደፈኑ ይበቃል። በፈሳሽ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከሆነ ሁለቱ ቱቦዎች ይነኩ፤ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ፓምፑ አይሠራም ወይም ውስጡ ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ፀሐይዋስ? የፕሮሰሰር ሙቀት የክፍሉ ሙቀትና ማቀዝቀዣው የሚፈጥረው ልዩነት ድምር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል 32 ዲግሪ ሲሆን፣ 20 ዲግሪ ከሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ይልቅ 12 ዲግሪ አስቀድሞ ተጨምሯል። ከፍታ ግን ጥቂቱን ይመልሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሞያሌ መሳሳቱ 10 በመቶ ያህል ነው። ፋን የሚገፋው የአየር መጠን ባይለወጥም የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከክንፎቹ ወደ አየሩ ያለው ልዩነት በባሕር ዳርቻ 40 ዲግሪ ቢሆን፣ በግምታዊ ስሌት በአዲስ አበባ ወደ 48፣ በሞያሌ ወደ 44 ይደርሳል። የ12 ዲግሪው ብልጫ ወደ ስምንት ይወርዳል ማለት ነው። ስምንት ዲግሪ ደግሞ ጤነኛ ማሽን የሚችለው ነው፤ ፀሐይ በሦስት ሰከንድ የ55 ዲግሪ ዝላይ አታመጣም።

የድንበር ከተማ ስለሆነ መብራቱም ሊጠረጠር ይችላል፤ የኬንያ መደበኛ ቮልቴጅ 240፣ የኢትዮጵያ 220 ነውና። ይህም ከፕሮሰሰሩ አይደርስም፤ ፓወር ሰፕላዩ ሁለቱንም ተቀብሎ ወደ 12 ቮልት ያወርዳል።

አንዳንዴ ደግሞ ብልሽት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ኤኤምዲ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮቹን በከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ ደርሰው እንዲሠሩ አድርጎ ነው ያወጣቸው፤ የብዙዎቹ የቅርብ ኢንቴሎች ጣሪያም 100 ዲግሪ ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይህ ካልበቃ ማሽኑን ያጠፋል። ይህ ጥበቃ ሁልጊዜ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የቴክኖሎጂ ኅትመት ማቀዝቀዣ ነቅሎ በቪዲዮ ባሳየው ሙከራ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሲተርፍ የኤኤምዲ አትሎን ጨሶ ተቃጥሏል። ዛሬ የጋለ ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ሥራ ያዘገያል እንጂ ወዲያው አይሞትም፤ ለመመርመር ጊዜ አለ።

ያንን ጊዜ መጠቀም በሞያሌ ከሌላው ከተማ ይልቅ ያዋጣል። አዲስ አበባም ናይሮቢም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ የታዘዘ ዕቃ ከየትኛውም ቢመጣ የመንገድ ወጪና ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ከትእዛዝ በፊት አንድ ከባድ ሥራ አስጀምሮ ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ ይቅደም። በሰከንዶች ከዘለለ የሚገዛው ቢበዛ አንድ ቱቦ ፔስት ነው፤ በደቂቃዎች ከወጣ ብሩሽና የፋን ገመድ ይበቁ ይሆናል። ሌላ ማቀዝቀዣ የሚታዘዘው ሁለቱም ታይተው ልዩነት ካልመጣ ብቻ ነው።