ቁልፉ ሲዞር ምን ሰማችሁ?

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቦረና፣ በወግዲና በአካባቢው አሮጌ መኪና ለሚይዝ ሰው ይህ ርቀት የጥገና ወጪው አካል ነው። ጠዋት መኪናው አልነሳ ሲል መጀመሪያ ባትሪው ይጠረጠራል፣ ቀጥሎ ሞተሪኖው፣ ከዚያ ጎረቤት ባለፈው ወር ያስቀየረው ዕቃ። ዕቃው ከደሴ በስልክ ይታዘዛል፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ ይገጠማል፤ መኪናው ግን እንደቆመ ነው። አንዴ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ሻጩ መልሶ አይቀበልም። ስለዚህ ዕቃ ከማዘዝ በፊት ሊደረግ የሚችለውን ምርመራ፣ አብዛኛው ያለ መሣሪያ የሚሠራ ስለሆነ፣ በቅደም ተከተሉ እናያለን።

አሮጌ መኪኖቹ ከእኛ ጋር ገና ይቆያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዲኤክሱም፣ የመጀመሪያዎቹ ቪትዞችም፣ ናፍጣ ሃይሉክሱም እየተጠገኑ መሄዳቸው አይቀርም።

መነሻው ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ፈጽሞ አልዞረም? ወይስ ዞሮ አልነሳም? ወይስ ተነሥቶ ጠፋ? የሦስቱ ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያደባለቀ ሰው ገንዘቡን ይበትናል።

ሞተሩ ካልዞረ የፊት መብራቱን አብሩና አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይመልከት። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ድርግም ብሎ ከጠፋ ችግሩ ባትሪው ወይም ገመዱ ዘንድ ነው። መብራቱ እንደደመቀ ከቀረ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ ሞተሪኖው አልሠራበትም። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ መዘውሩን ወደ ኤን አድርጋችሁ አንዴ ሞክሩ፤ አንዳንዴ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

በቴስተር ሲለካ ሌሊቱን ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ እንደሆነ ቁጠሩት። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው የደከመው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በጥቂት ቀን ውስጥ ይወድቃል። የደጋው ብርድም ድርሻ አለው። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ የሞተር ዘይቱ ደግሞ በብርዱ ስለሚወፍር ሞተሩን ማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በነሐሴ ደህና የነበረ ባትሪ በኅዳር ውርጭ የሚከዳው ለዚህ ነው።

ባትሪው ሞቷል ከማለት በፊት ግን ራሶቹን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዙ መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ ፍቱ፤ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቁ ፈትጉ፣ አድርቁና አጥብቃችሁ እሰሩ። ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ ገመድም እስከ ጫፉ ተከተሉት፤ ጭቃ በበዛበት መንገድ የሚውል መኪና ይህ ገመድ ብዙ ጊዜ ዝጎ ይገኛል። ውኃው የጎደለ ባትሪ የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ አሲድ አይጨመርበትም።

በአሮጌ ቶዮታ ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ በሽታ አለ። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ሲዞር አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ይሰማል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። አምስት ስድስት ጊዜ ሲሞከር ድንገት ይነሳል። በሞተሪኖው ራስ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ በየማስነሳቱ ትንሽ ትንሽ እየተቃጠሉ ሲሄዱ አንደኛው ሳስቶ መንካት ያቅተዋል። የሚቀየሩት እነዚያ ቁራጮች ብቻ ናቸው፤ ሙሉ ሞተሪኖ አያስገዛም። ሞተሪኖው በእንጨት ቀስ ተብሎ ሲመታ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ካርቦን ማለቁን ጠርጥሩ።

እዚህ አገር ብዙ አሽከርካሪ ጠዋት አንደርድሮ ለማስነሳት ማታ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያቆማል። ለአንድ ሁለት ጠዋት ብልሃት ነው፤ ለወራት ከሆነ በሽታውን ማስታመም ነው። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም፤ ጎረቤት አታድክሙ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳ ካለ ወይ እሳት የለም ወይ ነዳጅ የለም። ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አታዙሩት፤ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ አለበለዚያ ሁለተኛ ችግር ትጨምራላችሁ። ከዚያ አንድ ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። በቤንዚን ረጥቦ ከወጣ ነዳጁ ደርሷል፤ እሳቱ የለም፣ ወይም ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቷል። ቤንዚን የጠጣ ሞተር ጋዙን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ስታዞሩት ትርፉን ተፍቶ ይነሳል። በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ይናገራል፤ በዘይት የረጠበው ሞተሩ ውስጡ ማርጀቱን። ቀለል ያለ ቡናማ ጤነኛ ነው። በኢንጀክተር የሚሠራ ከሆነ ሬዲዮውን አጥፉና ቁልፉን ሳታስነሱ ክፈቱ፤ በብዙዎቹ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ይሰማል። ዝም ካለ ፓምፑን ከመግዛት በፊት ፊውዙን እዩ።

በናፍጣ መኪና ጭሱን ተመልከቱ። ሞተሩ ሲዞር ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ብርዱ ግን እንዳይቀጣጠል ይዞታል፤ ካንዴሌታዎቹ ይመርመሩ። ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጡ፣ ከሥሩም ውኃውን አፍስሱ።

አንድ ድምፅ ግን ቶሎ ሊያስቆማችሁ ይገባል። ሞተሩ ከወትሮው ቀሎትና ፈጥኖ የሚዞር ከመሰላችሁ የጊዜ ቀበቶው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ደግማችሁ አታዙሩት፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ።

ስለ ነዳጁ ራሱ ትንሽ እንቆይ። ማደያ በራቀበት ወይም ነዳጅ ባለቀበት ቀን ቤንዚን ከጄሪካን ይገዛል። ከገዛችሁት ጥቂቱን ጥርት ባለ የውኃ ፕላስቲክ ቅዱና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ላምባ ከተቀላቀለበት በዓይን አይለይም። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ይደርቃል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ነጠብጣብ ትቶ ይቆያል። ይህን ሁሉ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ አድርጉ።

ተነሥቶ የሚጠፋው ሞተር ወደ ሚኒሞው ያመጣናል፤ ማለት ጋዝ ሳይረገጥ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ወደሚዞርበት። በብዙ አነስተኛ መኪኖች በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር ያህል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። ሚኒሞ አልይዝ ሲል በየጋራዡ የሚደረገው ቡሎኗን አዙሮ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። በእኔ ግምት ይህ ጥገና አይባልም፤ ሞተሩ መጥፋቱን ያቆማል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ምክንያቱ ባለበት ይቀመጣል።

በዲኤክስና በመሰሎቹ ካርቡራተር ላይ የሚኒሞ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይሰፋም። ከጄሪካን የመጣ አንዲት ቅንጣት ትዘጋዋለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጋዝ ሲረገጥ መኪናው ደህና ይሄዳል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ቀዳዳውን በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ይሰፋል፤ በአየር ግፊት ይነፋ። ከፍታውም አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ አየር ጎድሏል። ካርቡራተር ይህን አያውቅምና ቆላ ላይ የሚሰጠውን ቤንዚን ያህል ይሰጣል። ኮምቦልቻ ላይ፣ በ1,850 ሜትር ገደማ፣ የተስተካከለ መኪና የጉጉፍቱንና የለጋምቦን ደጋ አልፎ ሲመጣ ጥቁር ጭስ ቢያሳይና ሚኒሞው ቢንቀጠቀጥ አያስገርምም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቾኩ ተከፍቶ፣ የአየር ፊልትሮው ተጠርጎ ድብልቁ እዚሁ ይስተካከል።

ቪትዝና ሌላ ባለ ኢንጀክተር መኪና የያዛችሁ ግን «ደጋ ስለሆነ ነው» ሲሏችሁ አትቀበሉ። ኮምፒውተሩ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የእነዚህ ሚኒሞ ሲታመም አየር መግቢያው ጥቁር ቅባት ይዞ እንደሆነ እዩ፤ በካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይና በንጹሕ ጨርቅ ይጸዳል። ዙሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ካለ የራዲያተሩን ውኃ እዩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። ውኃው ጎድሎ አየር ከገባበት በብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ ሚኒሞው እንዲህ ይዋዥቃል፤ መድኃኒቱ ውኃ ሞልቶ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ነው።

ሁለቱንም ዓይነት የሚያጠቃው የተሰነጠቀ ጎሚኒ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቀጫጭኖቹን የአየር ጎሚኒዎች አንድ በአንድ በጣት ቆንጥጡ፤ አንዱ ሲያዝ ሚኒሞው ከተስተካከለ ያገኛችሁት እዚያ ነው። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቀበቶና ከፋን አርቁ። ሞተር ማሞቅም በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል።

ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወጥቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ እንደገና አልነሳ የሚል ካርቡራተር መኪናም አለ። በሙቀቱ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ፓምፑ እንፋሎት ይስባል። ዕቃ አትቀይሩ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ወደ ጋራዥ ስትሄዱ ለመካኒኩ «ባትሪ ቀይርልኝ» አትበሉት፤ የሰማችሁትን ድምፅ፣ ብርድ ላይ ይሁን ሲሞቅ፣ ካንዴላው ምን እንደሚመስል ንገሩት። አሮጌ መኪና ልትገዙም ካሰባችሁ ማልዳችሁ ሂዱና ቁልፍ ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ ዋጋ ሳትነጋገሩ ተመልሳችሁ በማግስቱ ጠዋት ሂዱ።