ቀላል ጠመንጃ ለደጋ አዳኝ

አንባቢ ሆይ፣ ከሰበታ በላይ ወጨጫን በእግርዎ ወጥተው ያውቃሉ? ባዶ እጅ እንኳ ያደክማል። ከአባቶቻችን የወረስነው ምንሽር ደግሞ 4 ኪሎ ያህል ነው፤ ጠዋት አይታወቅም፣ ከቀትር በኋላ ግን ትከሻ ይቆርጣል። ስለዚህ ለዳገት 3 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ ይመረጣል። ይሁንና የቀለለ ጠመንጃ ሲተኮስ ክፉኛ ይመታልና 7 በ57 የሚባለውን ለስላሳ ጥይት የሚጎርሰውን ይያዙ። ሰደፉም በክንድዎ ልክ ይሁን፤ የረዘመ ሰደፍ ካፖርት እየያዘው ስንት ድኩላ አስመልጧል!

በአፈሙዙ ብረትና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አሾልከው ይሞክሩ፤ ብረቱ ሲግል እንጨቱን ከተደገፈ ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል። ማነጣጠሪያውንም በሚያድኑበት አገር ያስተካክሉ። እንደ ሱሉልታ ባለ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና ጥይቱን እምብዛም አያዘገየውም፤ በዚያው ልክ ያስተካከሉት ጠመንጃ ቆላ ሲወርዱ የሩቁን ኢላማ ዝቅ አድርጎ ይመታል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዱ! ጠመንጃው በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት፣ አደኑም በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይፈቀዳል። የመናገሻ ሱባ ደን ጥብቅ ነውና የምኒልክን ድኩላ በዓይንዎ ብቻ ይዩት። በቡራዩ ዳርቻም ለሙከራ እንኳ አይተኩሱ፤ ትናንት ባዶ የነበረው ገመገም ዛሬ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ሆኗል፤ ኢላማውን የሳተ ጥይትም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።