የሜሪላንድ የፍጥነት ካሜራ፦ ንብረቱ የኩባንያ፣ ፊርማው የፖሊስ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች፣ ከፍጥነት ወሰን ያለፈ ሾፌር ትራፊክ ፖሊስ ሳያስቆመው ይቀጣል። የመኪናው ፎቶ፣ ታርጋው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የተመዘገበው ፍጥነት የሰፈሩበት ደብዳቤ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

ካሜራው የመኪናውን ፍጥነት በራዳር ወይም በሌዘር ይለካል። መኪናው ከተፈቀደው ወሰን በሰዓት 12 ማይል (19 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ ከኋላው ሁለት ፎቶ ያነሳል። በፎቶዎቹ ላይ ሰዓቱ ይታተማል፤ እንደ ምሰሶ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገርም አብሮ መታየት አለበት። መኪናው በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ምን ያህል እንደተጓዘ የሚታወቀው በዚያ ነው። ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ ካሜራዎች የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ፖሊስ አይደለም። ካሜራውን የሚያቀርበውና የሚጠግነው፣ ፎቶዎቹን የሚያጣራው፣ ደብዳቤውን አትሞ የሚልከው በውል የተቀጠረ ኩባንያ ነው። የፖሊስ ድርሻ ማስረጃውን አይቶ መፈረም ነው። ቅጣቱ የሚመጣው በመኪናው ባለቤት ስም ሲሆን በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስቆጥርም፤ የኢንሹራንስ ክፍያም አያስጨምርም።

በግዛቱ ሥራው የተጀመረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ካሜራ ከሌላቸው የቨርጂኒያ መሰል መንገዶች ጋር ሲነጻጸር፣ ወሰኑን በሰዓት ከ10 ማይል በላይ አልፎ የመንዳት ዕድል በ59 በመቶ ቀንሷል። አደጋ ሲደርስም ሰው የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት ዕድሉ በ19 በመቶ ዝቅ ብሏል። ፖሊስ በየመንገዱ ቆሞ ሊውል ስለማይችል ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

ጭቅጭቁ የተነሳው በክፍያው ነው። ካውንቲው ለኩባንያው ይከፍል የነበረው በተከፈለ ቅጣት ልክ፣ ለአንዱ 16 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ቅጣት በበዛ ቁጥር ገቢው ለሚጨምር ድርጅት የማጣራቱን ሥራ መስጠት፣ ነጋዴን በራሱ ሚዛን ላይ ተቆጣጣሪ አድርጎ እንደመሾም ነው። በባልቲሞር ከተማ ነገሩ ገሃድ ወጣ። በ2012 መጨረሻ ባልቲሞር ሰን ጋዜጣ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ መኪና በሰዓት 38 ማይል ሲበር ተይዟል ተብሎ መቀጣቱን አጋለጠ። ቅጣቱ የፖሊስ ፊርማ ነበረበት፤ ፈራሚው ግን መኪናው መቆሙን አላስተዋለም። ከተማው በ2013 ካሜራዎቹን አቆመ። ራሱ ያስደረገው ምርመራም የስሕተቱ መጠን ከ10 በመቶ በላይ መሆኑን አሳየ። ካሜራዎቹ ዳግም ሥራ የጀመሩት በ2017 ነው።

የግዛቱ ምክር ቤት በ2014 ሕጉን አሻሽሎ በቅጣት ብዛት መክፈልን ከለከለ፤ ለነባር ውሎች ግን ጊዜ ሰጠ። የተቀጪዎችን አቤቱታ የሚመረምር ሰው እንዲመደብም አዘዘ። ለዓመታት 40 ዶላር ብቻ የነበረው ቅጣትም ከጥቅምት 2025 ጀምሮ እንደ ፍጥነቱ ከ40 እስከ 425 ዶላር ሆኗል።

ከፖሊስ ውጭ የሆነ ድርጅት ካሜራ ማንቀሳቀሱ በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ገቢውን ከተቀጪው ቁጥር ጋር ማሰሩና ፊርማን ለወግ ማድረጉ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስዎ ሳያዩ አይክፈሉ፣ ሳያዩም አይጣሉት፤ ያልተከፈለ ቅጣት የመኪናውን ምዝገባ ያሳግዳል። ታርጋው የእርስዎ መሆኑን ይመልከቱ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ያነጻጽሩ። ካላመኑበት በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀነ ገደብ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።