«እኔ ጋ ይሠራል» መልስ አይደለም

በመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ከሚናፈሱት ወሬዎች አንዱ «ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነበዋል፤ ሰነድ መጻፍ ድሮ ቀረ» የሚለው ነው። አልቀረም። ኮድ ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ይናገራል እንጂ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ አይናገርም። የቤተ መጻሕፍት ሲስተም «አራተኛ መጽሐፍ አላውስም» ቢል ባግ ይሁን ደንብ የሚለየው የፍላጎት ሰነዱ ነው፤ እሱ ከሌለ የሚተርፈው ክርክር ብቻ ነው። ስለ ሰነድ ይኸው ይበቃል።

የባግ ሪፖርት ግን እንዲህ በአጭሩ አይታለፍም፤ ብዙ ተማሪ «ሲስተሙ አይሠራም» ብሎ ጽፎ ይገላገለዋልና። እ.ኤ.አ. በ1986 በቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ፣ ቴራክ 25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማከሚያ ማሽን በሳምንታት ልዩነት ሁለት ሕመምተኞችን ከልክ ባለፈ ጨረር መታ፤ ሁለቱም ሞቱ። ስክሪኑ ያሳየው «ማልፈንክሽን 54» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ የማሽኑ መመሪያም ትርጉሙን በቅጡ አያብራራም ነበር። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የአምራቹ መሐንዲሶች ሞክረው ጥፋቱን ሊደግሙት አልቻሉም፤ «እኛ ጋ ይሠራል» እንደ ማለት ነው። ከሁለተኛው በኋላ የሆስፒታሉ ፊዚሲስት ፍሪትዝ ሄገር ከኦፕሬተሯ ጋር ተቀምጦ ያደረገችውን አንድ በአንድ አስደገማት። በ«ኢ» (ኤሌክትሮን) ፈንታ «ኤክስ» (ኤክስሬይ) ጽፋ፣ ከርሰሩን ወደ ላይ መልሳ አርማ፣ ቶሎ ጨርሳ ነበር። ጨረሩን የሚመሩት የማሽኑ ማግኔቶች እስኪስተካከሉ 8 ሴኮንድ ያህል ይፈጅ ነበር፤ እርማቱ በዚያ መሀል ከገባ ፕሮግራሙ አያየውም ነበር። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር። መሐንዲሶቹም ቀስ ብለው ሲጽፉ አጥተውት የነበረውን ጥፋት በፍጥነት ጻፉ ሲባሉ አገኙት። ሙሉ ሪፖርት ማለት ምን እንደተጫነ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ፍጥነት፣ ምን ተጠብቆ ምን እንደወጣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው አድርጎ መጻፍ ነው።

«የኛ ፕሮጀክት ሰው አይገድልም፤ ከዲፌንስ በኋላም የሚነካው የለም» ይባላል። ልክ ነው፤ የቴራክም ጥፋት የሪፖርት ብቻ አልነበረም፤ በቀድሞው ሞዴል የነበረው የሃርድዌር መከላከያ ተነሥቶ ሁሉ በሶፍትዌር ላይ ተጥሎ ነበር። ግን ያው ባግ በዚያው በቀድሞው ሞዴል፣ በቴራክ 20 ውስጥም ነበረ፤ መከላከያው ስለነበረ ፊውዝ ከማቃጠል አላለፈም። በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር የማሽኑ ፊውዝ ይቃጠል ነበር፤ ከዚያ ለወራት ደህና ይሆን ነበር። ተማሪ ይሳሳታል፣ እንደልቡም ያርማል፤ ልምድ ያለው ሰው የማይነካውን ይነካል። ፊውዙ እየተቀየረ ታለፈ እንጂ፣ የታይለሩ ጉዳይ እስኪሰማ ድረስ የተማሪዎቹን አጻጻፍ ከመቃጠሉ ጋር ያገናኘው አልነበረም።

መምህራንም ከወቀሳ አያመልጡም። ካምናው ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ ሰማንያ ገጽ ሰነድ ነጥብ እያገኘ ተማሪው ሌላ ለምን ይጽፋል? የባግ ሪፖርቱን ግን ኮዱን ላላየ ሌላ ቡድን ሰጥቶ፣ ከሪፖርቱ በቀር ምንም ሳይጠይቁ ባጉን ካወጡት ብቻ ነጥብ መስጠት ይቻላል።