ለሞተር ጉልበት ሲጨመር ዕድሜውም ይታሰብ





አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ በአሮጌው የስፖርት አውቶሞቢሉ ላይ ሱፐርቻርጀር የሚባለውን አየር መጭመቂያ ሊያስገጥም ተነሥቷል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም በባሕር ዳርቻ ሊያገኝ ከሚችለው አየር አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መጭመቂያው የጎደለውን እንደሚሞላ አልክድም።

ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይግላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊትና ሙቀት ሲበዛ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩም ይንኳኳል። ይህ ሲደጋገም ፒስቶን ይበሳል፤ የቴስታታው ማሸጊያ ይቃጠላል። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ አየር ልክ ብቻ የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ መጭመቂያው የቆላውን ወፍራም አየር ስለሚያስገባበት ጭነቱ ይብስበታል።

ነገሩ አስቀድሞ የታየ ስለ ሆነ የእንግሊዞቹን የቤንትሌይን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። ባለ 4 ሊትር ተኩሉ ቤንትሌይ ያለ መጭመቂያ በ1928 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን የሚደረገውን የ24 ሰዓት እሽቅድድም አሸነፈ። የታወቀው ነጂ ሄንሪ በርኪን ግን መጭመቂያ ይግባበት አለ፤ የፋብሪካው መሥራች ዋልተር ኦወን ቤንትሌይ አሳቡን ተቃወመ። መጭመቂያው ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው መኪና ከ110 ወደ 175 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። በ1930 ዓ.ም. ግን በዚያው እሽቅድድም የገቡት ሁለቱ ባለ መጭመቂያዎች ሞተራቸው ተበላሽቶ ከመንገድ ቀሩ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት መጭመቂያ የሌላቸው ሌሎች ቤንትሌዮች ነበሩ።

እንግዲህ ለባልደረባዬም ሆነ ለመሰሎቹ ምክሬ «አታስገጥሙ» የሚል አይደለም። አስቀድሞ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ፤ ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ገንዘቡ በመጀመሪያ ለእድሳት ይዋል። መጭመቂያው ከተገጠመም ግፊቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ይጨመር፤ የቤንዚኑ መጠንና የካንዴላው እሳት ለደጋውም ለቆላውም እንዲስማማ በዐዋቂ እጅ ይስተካከል።

በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ሁለተኛ ሞተር መግዛት ቀላል አይደለምና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ይታሰብበት።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ