የመንግሥት ስሌት ለሕዝብ ሲገለጥ

የፋይናንስ ሞዴል የአንድን ውሳኔ የወደፊት ወጪ፣ ገቢና ስጋት በቁጥር ለመገመት የሚዘጋጅ ስሌት ነው። የባቡር መስመር ያዋጣል ወይ፣ ጡረታ ቢጨመር ካዝናው ይችለዋል ወይ ለሚሉት ጥያቄዎች መንግሥታት መልስ የሚፈልጉት በዚህ ነው። ሆኖም ውጤቱ የሚታመነው የተነሣባቸው ግምቶች ትክክል እስከሆኑ ድረስ ብቻ ነው። የዕድገት ግምቱ በጥቂቱ ከፍ ሲል፣ አክሳሪው ፕሮጀክት በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የተደበቀ ስሌት የሚያመጣው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ በግልጽ ታይቷል። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ለንደንን ከግላስጎው የሚያገናኘውን የዌስት ኮስት የባቡር መስመር ለማስተዳደር ባወጣው ጨረታ ፈርስትግሩፕ የተባለው ኩባንያ ማሸነፉን በኦገስት ወር አስታወቀ። አሸናፊው ኢኮኖሚው ቢዳከምና ገቢ ቢጎድል የሚሸፍን መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲያቀርብ ይጠበቅበት ነበር። የገንዘቡ መጠን የተሰላው ግን ለሌላ ዓላማ በተዘጋጀ ሞዴል ነው። የዋጋ ግሽበትን ያላካተቱ ቁጥሮች እንዳካተቱ ተደርገው ስለተወሰዱ፣ መጠባበቂያው ከሚገባው በታች ሆነ። ሞዴሉ ለተጫራቾች ስላልተሰጠ፣ ስሌቱን ራሳቸው ሠርተው ስሕተቱን ሊያወጡት አልቻሉም። ተሸናፊው ኩባንያ ቨርጂን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሲወስድ የስሌቱ ጉድለት ወጣ፤ ጨረታውም በኦክቶበር ተሰረዘ። መንግሥት የተጫራቾችን ወጪ ለመመለስ ብቻ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መደበ።

ከዚህ በኋላ የግምጃ ቤቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ኒኮላስ ማክፈርሰን የመሩት ጥናት በ2013 ወጣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ከ500 በላይ ወሳኝ ሞዴሎች መኖራቸውን አሳየ፤ እያንዳንዱ ሞዴል በስም የታወቀ ኃላፊ እንዲኖረውና የሞዴሎቹ ዝርዝር ለሕዝብ እንዲወጣ መከረ። አኳ ቡክ የተባለው የጥራት መመሪያም በ2015 ታተመ።

ግልጽነት ሲባል የመጨረሻውን ቁጥር ማሳወቅ ብቻ አይደለም። መነሻ ግምቶቹ፣ መረጃው የተገኘበት ምንጭና ስሌቱ የተሠራበት ፋይል አብረው መውጣት አለባቸው። ትንበያውም በአንድ ቁርጥ ቁጥር ሳይሆን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ባለው ክልል መቅረብ ይኖርበታል። የኩባንያ የንግድ ምስጢርና የግለሰብ መረጃ መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ እነዚህን ለይቶ ማስቀረት ግን የቀረውን ከመግለጥ አያግድም። የውጭ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል ያዩት ስሌት፣ ስሕተት ቢኖረው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የመታረም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሞዴሉ ከውሳኔ በፊት የሚሠራ ትንበያ ሲሆን፣ የፖሊሲ ግምገማ ከውሳኔ በኋላ ውጤቱን ይመዝናል። በዚህ በኩል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። በ2019 በብሪታንያ የተደረገ የመንግሥት ፍተሻ፣ ለታላላቅ ፕሮጀክቶች ከተመደበው 432 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ ጠንካራ የግምገማ ዕቅድ የነበረው 8 በመቶው ብቻ መሆኑን አረጋግጧል። ትንበያው ከውጤቱ ጋር ሳይነጻጸር ከቀረ፣ የትኛው ግምት እንደሳተ አይታወቅም፤ ቀጣዩ ፕሮጀክትም በዚያው ስሕተት ላይ ይታቀዳል። ስለዚህ የግምገማው ዕቅድ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ሊጸድቅ፣ ውጤቱም ደግ ሆነ ክፉ ሊታተም ይገባል።