ደጅ ጥናትና መብት፦ የመቀሌ አካል ጉዳተኛ አረጋውያንና የድጋፍ ቢሮዎች

በመቀሌ ጡረታውን ወይም የድጋፍ ክፍያውን ሊጠይቅ ቢሮ የሄደ አረጋዊ ከመስኮቱ ጀርባ የሚሰማቸው መልሶች ብዙም አይለያዩም። «ሲስተም የለም»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «አለቃው ስብሰባ ገብቷል»፣ «እኛን አይመለከትም፣ ቀበሌ ይጠይቁ»። እግሩ እሺ ለማይለው ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው እያንዳንዷ «ነገ ይምጡ» የደርሶ መልስ የባጃጅ ሒሳብ ትጠይቃለች፤ ደግፎት የሚመጣውን የልጅ ወይም የጎረቤት የሥራ ቀንም ትበላለች።

ነገሩ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ላይ ነው። «ፊት አይሰጥም»፣ «ሽማግሌ አያከብርም» ይባላል። እርግጥ ነው፣ በትግርኛ «ኣቦይ» (አባቴ)፣ «ኣደይ» (እናቴ) ብሎ ወንበር የሚያቀርብ ሠራተኛና ቀና ብሎ የማያይ ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ይሁንና የአንድ ሠራተኛ ጠባይ የአንድን አረጋዊ ኑሮ የመወሰን አቅም ከየት አገኘ? ይህን ለመረዳት ሕጉ እንዴት እንደተዋቀረ፣ ጦርነቱ ምን እንዳጎደለ፣ እምቢታውም በምን መልክ እንደሚሰጥ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስት በሮች

አንድ የመቀሌ አረጋዊ ሊያንኳኳቸው የሚችሉ በሮች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደራጅቶ በ1995 እና በ2003 ተሻሽሏል፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ ፖሊሱና ወታደሩ በዚህ ይታቀፋሉ። ሁለተኛው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲሆን የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት በግል ድርጅት ሲሠሩ ካረጁት ብዙዎቹ ያለ ጡረታ የቀሩት ለዚህ ነው።

ሁለቱም በመዋጮ የቆሙ ናቸው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለወታደርና ለፖሊስ የመንግሥት ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜ ልኩን ጡረታ ያገኛል። ስሌቱም ግልጽ ነው፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጣል፤ በሲቪል ሥራ ላይ ለነበረ ሰው ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ዕድሜን በተመለከተ ሕጉ የሚቀበለው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ነው፤ በኋላ የሚመጣ የልደት ማስረጃ አይለውጠውም። ብዙ ክርክርና ብዙ «አይሆንም» የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው በር መዋጮ ላልከፈሉት ነው። የመቀሌን የድንጋይ ቤቶች ያነጸው ግንበኛ፣ ከአፋር የመጣ ጨው ሲያራግፍ የኖረው ወዛደር፣ ስዋ ጠምቃ ልጆቿን ያሳደገችው እናት የደመወዝ ወረቀት የላቸውም። የሚሄዱት ወደ ቀበሌና ወደ ክፍለ ከተማ ነው፤ የሚጠይቁትም የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው።

ሁለቱ የጡረታ አስተዳደሮች የፌዴራል ተቋማት ናቸው። ሴፍቲኔቱን መሬት ላይ የሚያወርደው ክልሉና የከተማው አስተዳደር ነው። «እኛን አይመለከትም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱን በሮች አገናኝቶ ለአንድ አረጋዊ ማስረዳት የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አልተደነገገም።

ጉዳቱን የሚለካው ማን ነው?

በጡረታ ሕጉ የአካል ጉዳት የሚለካው በመስኮት ሠራተኛው ግምት አይደለም፤ የሐኪሞች ቦርድ ነው የሚወስነው። በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ወይም በሥራ ምክንያት በመጣ በሽታ የመሥራት ችሎታው ለዘለቄታው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ከሥራ የተሰናበተ ሰው የጉዳት ጡረታ ይገባዋል፤ መሠረቱም ከጉዳቱ በፊት ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ሥራውን መቀጠል ከቻለ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። ስትሮክን፣ ስኳርን ወይም የዓይን መጥፋትን የመሰለ ከሥራ ጋር ያልተያያዘ የጤና ጉድለት ሲሆን፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመቱን ሳይጠብቅ ጡረታ ይወጣል።

ሕጉ እዚህ ላይ ይቆማል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው በ68 ዓመቱ እግሩን ቢያጣ ጡረታው በዚያ ምክንያት አይጨምርም፤ ሕጉ ጉዳትን የሚያየው ከሥራ መቋረጥ ጋር አያይዞ ብቻ ነውና። ለተሽከርካሪ ወንበር ጥገና ወይም ለደጋፊ ሰው ታስቦ ለማንኛውም አካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚከፈል አበል በኢትዮጵያ የለም። ስለዚህ ሠራተኛው «የለም» ሲል እውነቱን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ችግሩ፣ ሕጉ የከለከለው «የለም» እና ሠራተኛው የሰነፈበት «የለም» ከመስኮቱ ውጭ ላለው ሰው አንድ ዓይነት መሰማታቸው ነው።

በመቀሌ ይህ ክፍተት በተለይ ይሰፋል። ከ1967 እስከ 1983 በተካሄደው የትጥቅ ትግል የቆሰሉት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የተጎዱትም ወደዚያው እየተጠጉ ነው። የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው፣ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴም በመቀሌ የአካል ድጋፍ ማዕከሉን ለዓመታት የደገፈው ለእንደነዚህ ላሉ ሰዎች ነው። ሰው ሠራሽ እግር ያገኘ ሰው ግን ወርሃዊ ገቢ አገኘ ማለት አይደለም።

«አቅም በፈቀደ መጠን»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በተግባር ግን «አቅም» የምትለው ሁኔታ ድጋፉን ኮታ አድርጋዋለች፤ ኮታ ያለው ነገር ደግሞ መራጭ ይፈልጋል።

በ2009 የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው 11 ከተሞች አንዷ መቀሌ ነበረች። ከታሰቡት 604 ሺህ ተጠቃሚዎች 84 በመቶ የሚሆኑት በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርተው እንዲከፈላቸው ሲታቀድ፣ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት 16 በመቶ ነበሩ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን የሚወዳደሩት በዚህች ድርሻ ውስጥ ነበር። የሚመርጡት ከቀበሌና ከነዋሪው የተውጣጡ ኮሚቴዎች ናቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ አሠራሩ ጥቅም አለው፤ በዚያው ልክ ከቤት የማይወጣውንና ስብሰባ የማይገኘውን ሰው መርሳት ይቀለዋል። የሴፍቲኔት አሠራር የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል፤ ብዙ አረጋውያን ግን መኖሩን የሚሰሙት ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ትግራይ በዚህ ረገድ ልምድ የሌላት ክልል አይደለችም። ከ2003 እስከ 2006 ገደማ በዓቢ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሞከረው የማኅበራዊ ጥሬ ገንዘብ ድጋፍ፣ የሚሠራ ሰው ለሌላቸው እጅግ ድሃ ቤተሰቦች በወር 155 ብር መነሻ እየከፈለ፣ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ ላለበት ቤት ጭማሪ ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚዎቹን የለዩት የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረቶች ናቸው። ለአካል ጉዳትና ለዕርጅና የተለየ ሒሳብ መያዝ እንደሚቻል በትግራይ መሬት ላይ የታየው ያኔ ነው።

ሌሎች አገሮች የመራጩን ሚና የሚቀንሱበት መንገድ አላቸው። ኬንያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላውና ሌላ ጡረታ ለሌለው ዜጋ በየወሩ ትከፍላለች። እዚያ የሠራተኛው ሥራ ዕድሜን ማረጋገጥ ነው፤ ማን የበለጠ ችግረኛ እንደሆነ መፍረድ አይጠበቅበትም።

ጦርነቱ ያጎደለው

ጥቅምት 24 ቀን 2013 በተጀመረው ጦርነት፣ በተለይም የፌዴራል ጦር ሰኔ 21 ቀን 2013 መቀሌን ከለቀቀ በኋላ ባንክና ስልክ ተዘጉ። ጡረታ የሚከፈለው በባንክ በመሆኑ ዕድሜ ልኩን መዋጮ የከፈለ ጡረተኛ ምንም ካልከፈለው ጎረቤቱ ጋር እኩል ባዶ እጁን ቀረ። የአካል ጉዳተኛው ችግር ደግሞ ድርብ ሆነ፤ መድኃኒት ጠፋ፣ ደጋፊ የነበረው ልጅም ወይ ዘመተ ወይ ተሰደደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር የስልክና የባንክ አገልግሎት መመለስ ጀመረ፤ ወርሃዊ ጡረታም ቀጠለ። በተቋረጠባቸው ወራት የተጠራቀመው ውዝፍ ግን የጡረተኞቹ ዋና ጥያቄ ሆኖ ቀጠለ።

ጦርነቱ ወረቀትም በልቷል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶች ጠፍተዋል። አገልግሎቱን የሚመሰክርለት ፋይል የጠፋበት ሰው የቀድሞ አሠሪውን ማኅደር፣ የደመወዝ መዝገብና የሥራ ባልደረቦቹን ምስክርነት ፍለጋ ይዞራል። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለው መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ፋይል የመያዝና የመጠበቅ ግዴታው የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የጡረተኛው አልነበረም።

ከወረቀቱ በተጨማሪ ቢሮዎቹ ያሉባቸው ሕንፃዎችም ራሳቸው እንቅፋት ናቸው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ፣ ያለ ሊፍት፣ ለክራንች ተጠቃሚ የተጻፈ እምቢታ ነው ማለት ይቻላል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሌለበት መስኮትም እንዲሁ።

ይግባኝ የማይባልበት እምቢታ

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሠራተኛውን ጠባይ ኃይለኛ ያደረገው አንድ ልማድ ነው፦ እምቢታው የሚሰጠው በቃል መሆኑ። በቃል የተባለ «አይሆንም» ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ምክንያቱም አይታወቅም። በዚህ ላይ ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ አለቃው ቢጠየቅ «እንዲህ ያለ ጉዳይ አልቀረበልንም» ሊል ይችላል።

ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት የሚሰጡት አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱን እንዲይዝ ያስገድዳል። ሁለቱም የጡረታ አስተዳደሮች በዚህ ሥር ይወድቃሉ። በጡረታ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባል፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ካለም እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ይመረምራል። ወደ እነዚህ ሁሉ የሚያስገባው ግን አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ያለ ወረቀት።

የጽሑፍ ጥቅም በሌላም አገር ታይቷል። በእንግሊዝ የአካል ጉዳት ክፍያ የተከለከሉ ሰዎች ውሳኔው ከነምክንያቱ በደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ጉዳያቸውን ይዘው ችሎት ከቀረቡት መካከል ለዓመታት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሸንፈዋል። የመጀመሪያው መልስ ምን ያህል ጊዜ የተሳሳተ እንደነበር ሕዝቡ ያወቀው እምቢታው ተጽፎ ስለነበር ነው። በመቀሌ መስኮቶች በቃል የተባሉት «አይሆንም»ዎች ስንቶቹ ስህተት እንደነበሩ ማንም ሊቆጥር አይችልም።

የአዋጅ 1183 ድንበር ፌዴራል ነው፤ ቀበሌውንና ክፍለ ከተማውን በቀጥታ አይገዛም። ስለዚህ የክልሉ መንግሥትና የከተማው አስተዳደር ሊያደርጉት የሚገባ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የድጋፍ ጥያቄ የሚቀበል ማንኛውም ቢሮ ማመልከቻውን በቁጥር መዝግቦ፣ መልሱን ከነምክንያቱና ከቅሬታ ማቅረቢያው ቦታ ጋር ጽፎ እንዲሰጥ መመሪያ ይውጣ። ጥሩው ሠራተኛ ከዚህ የሚጎድልበት የለም፤ ደካማው ደግሞ ስሙን ከእምቢታው ሥር ለማስፈር ሲገደድ ሁለት ጊዜ ያስባል።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ አንባቢ ሆይ፣ ለወላጅህም ለጎረቤትህም ስትሄድ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፈህ ያዝ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገባ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርግ። የሠራተኛውን ስም ጠይቅ። የጡረታ ጥያቄ ይርጋ ስላለው አታዘግይ። የጽሑፍ መልስ ከተከለከልክ ያንኑ ክልከላ ጠቅሰህ ለኃላፊው ጻፍ፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቅ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መስኮቱ ላይ ቆመህ «ኣቦይ ነገ ይምጡ» ሲባል «እሺ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን» በል። ቢያንስ በጡረታ ቢሮ መስኮት ሕጉ ይህን እንድትል ፈቅዶልሃል።